የቱርክመን ምንጣፍ፤ የድንኳኑ ቤትና የገበያው ስም

ስሙ ከሠሪው ተወስዶ ለሻጩ የተሰጠ የጥበብ ሥራ ቢፈለግ፣ የቱርክመንን ምንጣፍ የሚያህል ምሳሌ በቀላሉ አይገኝም። ከመቶ ዓመት በላይ የአውሮፓና የአሜሪካ ነጋዴዎች ያንን ጥልቅ ቀይ ምንጣፍ «ቡኻራ» እያሉ ሲሸጡት ኖረዋል። ቡኻራ ግን ምንጣፉ የተሸጠባት ከተማ ናት እንጂ የተሠራባት አይደለችም። ምንጣፉን የሠሩት በካስፒያን ባሕርና በአሙ ዳርያ ወንዝ መካከል፣ በካራኩም በረሃ ዙሪያ በድንኳን ይኖሩ የነበሩ የቱርክመን ነገዶች ሴቶች ናቸው። ይህ የስም መለዋወጥ የነጋዴ ግድ የለሽነት ብቻ ሊመስል ይችላል፤ ወደ ኋላ ሄደን ስንመረምረው ግን፣ አንድ ኅብረተሰብ ለገዛ ኑሮው ይሠራው የነበረ ነገር በምን ሁኔታ የባዕድ ሳሎን ጌጥ ሊሆን እንደ በቃ የሚናገር የታሪክ ምስክር ሆኖ እናገኘዋለን። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቱርክመኖች ዘራቸውን የሚቆጥሩት ከኦጉዝ ቱርኮች ነው። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የቱርክ ቋንቋዎችን መዝገበ ቃላት ያዘጋጀው ማሕሙድ አል-ካሽጋሪ የኦጉዝን ነገዶች 22 አድርጎ ሲዘረዝር፣ እያንዳንዱ ነገድ ከብቱን የሚለይበትን ምልክት ጭምር ሥሎ አስቀምጧል። ሳሎር የሚባለው ነገድ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ይገኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በምንጣፋቸው የታወቁት ሳሎር፣ ቴኬ፣ ሳሪክ፣ ዮሙት፣ ኤርሳሪ፣ ቾዱርና አራባቺ ናቸው። የጋራ ንጉሥም ሆነ የጋራ መንግሥት አልነበራቸውም። ከፊሉ በወንዝና በምንጭ ዳር እያረሰ፣ ከፊሉ በግና ግመል እየነዳ ውሃና ግጦሽ ተከትሎ ይኖር ነበር። እዚህ ላይ አንድ እውነት መሸሸግ አይገባም። ፈረሰኞቻቸው የፋርስን የኾራሳን መንደሮች እየወረሩ የያዟቸውን ሰዎች በኺቫና በቡኻራ የባሪያ ገበያዎች ይሸጡ ነበር። የዘላንን ኑሮ እንደ ገነት የሚሥሉ የምንጣፍ መጻሕፍት ይህን ጉዳይ በዝምታ ማለፍ ይወዳሉ፤ ይሁን እንጂ ኋላ የደረሰባቸው መከራ ከዚህ ጋር ሳይያያዝ ሊነገር አይችልም።

ሽመና የሴት ሥራ ነበር። በእኛ አገር ሴቲቱ ትፈትላለች፤ ሸማኔው ግን በአብዛኛው ወንድ ነው፤ እርሱም «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ለዘመናት ሲናቅ የኖረ ባለ እጅ ነው። በቱርክመኖች ዘንድ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ጠጉሩን የምታጥበው፣ የምታበጥረው፣ የምትፈትለው፣ ከቀለም የምትነክረውና የምትሸምነው ሴቲቱ ስትሆን፣ በዚህም ሥራዋ ትከበራለች እንጂ አትናቅም። ሴት ልጅ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ቋጠሮ መቋጠር የምትጀምረው ገና በሕፃንነቷ ነው፤ ለጋብቻ ስትደርስ ይዛው የምትገባው ዕቃም በአብዛኛው የራሷና የቤተሰቧ ሴቶች የእጅ ሥራ ነው። ስለዚህ ምንጣፉ የሙያዋ ማስረጃም፣ የአዲሱ ቤቷ መነሻም ነበር።

መሣሪያው እጅግ ቀላል ነው። ሁለት አግዳሚ እንጨቶች ተራርቀው መሬት ላይ በአራት ካስማዎች ይወጠራሉ፤ ድሩ በመካከላቸው ይዘረጋል። ሸማኔዋ ተሸምኖ ባለቀው ክፍል ላይ ተቀምጣ፣ አጎንብሳ ወደ ፊት እየገፋች ትሠራለች። ሰፈሩ ለግጦሽ የሚነሣ ከሆነ ካስማው ይነቀላል፤ ያላለቀው ምንጣፍ ከነእንጨቱ ተጠቅልሎ በግመል ይጫንና በሚቀጥለው ማረፊያ እንደ ገና ይወጠራል። ባለ ቀለሙ ክር ከሁለት የድር ክሮች ላይ ይቋጠርና በቢላዋ ይቆረጣል። ረድፉ ሲሞላ ማግ ይገባና «ዳራክ» በሚባል ከባድ ባለ ጥርስ መምቻ ይጠቀጠቃል፤ በመጨረሻም የቆመው ጠጉር በመቀስ ይስተካከላል። ድሩም፣ ማጉም፣ ጠጉሩም በመሠረቱ የበግ ሱፍ ነው። ሳሪኮች ነጩን እንዲያበራ ከጥጥ የመሥራት ልማድ ነበራቸው፤ ሳሎሮችና ቴኬዎች ደግሞ በተመረጡ ሥራዎች ላይ ጥቂት ሐር ጣል ያደርጉ ነበር።

የቋጠሮው ዓይነት ሁለት ነው። አንደኛው ክሩን በሁለቱም የድር ክሮች ላይ እኩል የሚጠመጥም፣ ሁለተኛው አንዱን ክር ጠምጥሞ ሌላውን ግማሹን ብቻ የሚያቅፍ ነው። ይህ ለተራ ተመልካች ከቁም ነገር የማይገባ ዝርዝር ነው፤ ለተመራማሪ ግን ከንድፉ የበለጠ ይናገራል። ሳሪኮች ባብዛኛው የመጀመሪያውን፣ ቴኬዎች ሁለተኛውን ይይዛሉ። ሳሎሮች ሁለተኛውን ይዘው ቋጠሮውን ወደ ግራ የሚከፍቱ ናቸው። ንድፍ በገበያም በጋብቻም ከነገድ ወደ ነገድ ይሻገራል፤ ጣት ከእናት የተማረውን የቋጠሮ ስልት ግን በቀላሉ አይለውጥም። በጥሩ የቴኬ ምንጣፍ ላይ በአንድ ካሬ ሜትር ከ200,000 እስከ 400,000 ቋጠሮ ይገኛል። 2 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ምንጣፍ በዝቅተኛው ስሌት እንኳ 1,200,000 ቋጠሮ ማለት ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው በወረቀት ላይ የተነደፈ ሥዕል ሳይኖር፣ ከእናት በወረሱት ትዝታ ነበር።

የቀለሙ ምስጢር በሥር ውስጥ ነው። ቀዩ የሚወጣው ማደር ከሚባለው ተክል ሥር ሲሆን፣ ሥሩ ደርቆ ተፈጭቶ ይቀቀላል፤ ሱፉ ቀለሙን ይዞ እንዳይለቅ አስቀድሞ በሸብ ይታከማል። እንደ ሥሩ ዕድሜ፣ እንደ ውሃውና እንደ ሙቀቱ ከጡብ ቀይ እስከ ጉበት መሰል ጥቁር ቀይ ድረስ የተለያየ መልክ ይገኝበታል። ሰማያዊው ከኢንዲጎ፣ ቢጫው በበረሃ ዳር ከሚበቅል ዱር አበባ ይገኛል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ኮቺኒል ከተባለች ትንሽ ነፍሳት የሚገኘው ሐምራዊ ቀይ ከሩቅ አገር በነጋዴ እጅ ይመጣ ነበር፤ ውድ ስለሆነም የሚገባው በትንንሽ ቦታዎች ላይ ነው። ከሩቅ ሲታይ አንድ ወጥ ቀይ የሚመስለው የድሮ ምንጣፍ በቅርብ ሲታይ በየረድፉ የሚለዋወጥ ሕያው ቀይ የሆነውም ሱፉ በትንሽ በትንሹ፣ በተለያየ ጊዜ ስለሚነከር ነው።

እስካሁን «ምንጣፍ» እያልን ተናገርን እንጂ ቃሉ በመጠኑ ያሳስታል። በአማርኛ ምንጣፍ መሬት ላይ የሚነጠፍ ነው። ከቱርክመን ሴቶች እጅ ከወጡት ሥራዎች ብዙዎቹ ግን ተነጥፈው አያውቁም። የቱርክመን ቤት በእንጨት ፍርግርግ የቆመ፣ ከተደቀደቀ የበግ ጠጉር በተሠራ ልባስ የተሸፈነ ክብ ድንኳን ነው። ሣጥን፣ ቁም ሣጥንና መደርደሪያ የሚሠራበት እንጨት በዚያ በረሃ ውድ ነው፤ ቢኖርም በግመል ጀርባ አይመችም። የቤቱን ዕቃ ሁሉ ተክቶ የሚሠራው ሱፍ ነው። ልብስና መኝታ የሚከተተው «ቹቫል» በተባለው ሰፊ ከረጢት ነው፤ ትንንሹ ዕቃ የሚገባው «ቶርባ» በተባለው አጭርና ወርደ ሰፊ ከረጢት ነው። ሁለቱም በፍርግርጉ ላይ ተሰቅለው የቤቱን ግድግዳ ያስጌጣሉ፤ በጠጉር የተሸመነው ፊታቸው ብቻ ሲሆን ጀርባቸው ሜዳ ሽመና ነው። በሩን የሚዘጋው «ኤንሲ» ነው፤ መካከሉ በመስቀለኛ አግዳሚ በአራት የተከፈለ። በነጭ መደብ ላይ በጠጉር ንድፍ የወጣለት፣ ርዝመቱ ከ12 ሜትር የሚያልፍ ቀጭን መቀነት ደግሞ ድንኳኑን በውስጥ በኩል ዙሪያውን ይታጠቀዋል። በጉዞ ጊዜ የድንኳኑ ዘንጎች ጫፍ እንኳ የራሱ ጌጠኛ ሽፋን ነበረው።

ከሁሉም የሚደንቀው «አስማሊክ» ነው። ትርጉሙ «የሚንጠለጠል» እንደ ማለት ሲሆን፣ ባለ አምስት ማዕዘን ሆኖ ሁልጊዜ ሁለት ሁለት እየሆነ ይሠራል፤ ሙሽራይቱን የሚወስደው ግመል በግራና በቀኝ ጎኑ ይለብሰዋል። ብዙዎቹ የዮሙት ሴቶች ሥራ ናቸው። ለአንድ ቀን ሰልፍ ሲባል ወራት የሚፈጅ ቋጠሮ መቋጠር በገበያ ስሌት ኪሳራ ነው። በሠርግ ስሌት ግን ኪሳራ አይደለም። ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ የሚያየው የሙሽራይቱን መልክ አይደለም፤ እርስዋ ተሸፍናለች፤ የሚያየው የእጇን ሥራ ነው። ትልቁ ምንጣፍ የሚዘረጋውም ለእንግዳና ለበዓል እንጂ ለዘወትር አልነበረም፤ ለዘወትሩ ከበግ ጠጉር የተደቀደቀ ወፍራም ምንጣፍ ይበቃል።

በትልቁ ምንጣፍ መደብ ላይ በረድፍ የሚደረደረው ስምንት ማዕዘን መሰል ቅርጽ «ጉል» ይባላል። የቴኬው ጉል በቀጫጭን ጥቁር ሰማያዊ መስመሮች ከጎረቤቱ ጋር የተያያዘ፣ ውስጡ በአራት ተከፍሎ ቀለሙ በሰያፍ የሚቀያየር ሞላላ ነው። ከዮሙቶቹ አንዱ ሁለት ራስ ያላቸውን እንስሳት በውስጡ ይይዛል፤ የኤርሳሪው ትልቅና በሦስት ቅጠል አበባ የተሞላ ነው። ቅርጹ ምን ማለት ነው? ለዚህ ጥያቄ እጅግ የታወቀውን መልስ የሰጠችው ከ1920ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በመካከለኛው እስያ መንደሮች እየተዘዋወረች ያጠናችው የሶቪየት ተመራማሪ ቫለንቲና ሞሽኮቫ ናት። በ1946 ባወጣችው ጽሑፍ ጉል የነገድ ዓርማ ነው አለች። ነገዱ ነጻ እስከ ሆነ ድረስ ዓርማው በትልቁ ምንጣፍ ላይ «ሕያው» ሆኖ ይኖራል፤ ነገዱ ከተሸነፈ የአሸናፊውን ዓርማ ለመሸመን ይገደዳል፤ የገዛ ራሱ ዓርማ «ሙት» ሆኖ ወደ ከረጢትና ወደ ትንንሽ ዕቃ ይወርዳል። ዋናው መጽሐፏ ከሞተች በኋላ በ1970 በታሽኬንት ታትሟል።

ይህ ሐሳብ የሚማርክ ነው። ጽሑፍ ያልተዉ ሴቶች የጦርነትን ታሪክ በሱፍ ጻፉ ማለት ነውና ማንም እውነት እንዲሆን ይመኛል። ዳሩ ግን ምንጣፎቹ ራሳቸው ሙሉ በሙሉ አይተባበሩም። የሳሎር ጉል በቴኬዎችና በሳሪኮች ከረጢት ላይ ደጋግሞ ይገኛል፤ እነዚህ ግን በሳሎሮች ላይ የበላይ የሆኑ እንጂ በሳሎሮች የተገዙ አልነበሩም። ያማረ ነገር ባለቤቱ ቢወድቅም ተፈላጊ ሆኖ ይቀራል፤ ይህን ለመረዳት የዓርማ ሕግ አያስፈልግም። ከዚህም በላይ ኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የአንዳንዶቹ ጉሎች መነሻ የነገድ ምልክት ሳይሆን ከቻይናና ከጥንት የሐር ጨርቆች የተወረሰ ንድፍ እንደ ሆነ ተከራክረዋል። በ2016 ዩርግ ራጌት ባሳተመው ጥናት ሱፉ በራዲዮ ካርቦን፣ ቀለሙም በኬሚካል ምርመራ ሲፈተሽ አንዳንዶቹ ሥራዎች ከ18ኛው ክፍለ ዘመን በፊት የነበሩ ሆነው ተገኝተዋል። በእኔ አስተያየት የሞሽኮቫ ታላቅነት በሕጓ ላይ አይደለም፤ ሴቶቹን ራሳቸውን ሄዳ በመጠየቋ ላይ ነው። ከእርስዋ በፊት ስለ ምንጣፉ የጻፉት አብዛኞቹ ነጋዴውን ጠይቀው የተመለሱ ናቸው።

ጦርነቶቹ ግን እውነት ነበሩ። በ1832 የፋርሱ አልጋ ወራሽ አባስ ሚርዛ ሳራኽስን ይዞ የሳሎሮችን ኃይል ሰበረ። የዛሬ ሰብሳቢዎች ከሁሉ አስበልጠው የሚፈልጉት የሳሎር ሥራ እጅግ ጥቂት የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በ1857 ቴኬዎች የሜርቭን ለም ምድር ከሳሪኮች ነጠቁ፤ ሳሪኮችም ወደ ደቡብ ወደ ዮሎተንና ወደ ፓንጅዴህ ሄዱ። ከዚያ በኋላ ግን የነገድ ከነገድ ጥል ሁሉ ትንሽ ሆኖ የሚታይበት ዘመን መጣ። በ1873 የሩስያ ጦር ኺቫን ያዘ፤ የባሪያ ንግዱም በአዋጅ ተከለከለ። ጦሩ በዚያው ዓመት በዮሙቶች ላይ ዘምቶ ሰፈራቸውን አጠፋ። በጃንዋሪ 1881 ጄኔራል ሚኻኤል ስኮቤሌቭ ቴኬዎች ከነቤተሰባቸው የተጠለሉበትን የጌክ ቴፔን ምሽግ ከሥሩ በቆፈረው ፈንጂ አፍርሶ ገባ። ወንዱ፣ ሴቱና ሕፃኑ በምሽጉ ውስጥና በሽሽት ላይ በሺህ እየተቆጠረ አለቀ፤ ከዚያም ወታደሩ እንዲዘርፍ ተፈቀደለት። በ1884 ሜርቭ ያለ ውጊያ እጅዋን ሰጠች። ከካስፒያን ዳርቻ የተነሣው የባቡር ሐዲድ በ1885 አሽጋባት፣ በ1886 ሜርቭ፣ በ1888 ሳማርካንድ ደረሰ።

የምንጣፉን ታሪክ ከጦሩ ይልቅ የለወጠው ይህ ሐዲድ ነው። በፋርስና በሩስያ፣ በኋላም በሩስያና በአፍጋኒስታን መካከል የተሰመረው ድንበር የዮሙትንና የሳሪክን ግጦሽ ከመካከሉ ቆረጠው። ወረራው ቆመ፤ መንጋው ጠበበ፤ ገንዘብ ግን ተፈላጊነቱ ጨመረ። በድንኳኑ ውስጥ ወዲያውኑ ወደ ገንዘብ ሊለወጥ የሚችለው ነገር ሴቲቱ የሠራችው ብቻ ነበር። መጀመሪያ የወጣው አሮጌው፣ ማለትም የእናትና የአያት ሥራ ነው። ቀጥሎ ለገበያ ተብሎ መሸመን ተጀመረ። ነጋዴው የቹቫሉን ፊት እንጂ ጀርባውን አልፈለገም፤ ብዙዎቹ ጀርባቸው ተቆርጦ እንደ ትንሽ ምንጣፍ ተሸጡ። የድንኳኑ በር መጋረጃ፣ ኤንሲው፣ በምዕራባውያን ገበያ የጸሎት ምንጣፍ ተባለ፤ በአሜሪካም «ልዕልት ቡኻራ» የሚል ስም ወጣለት። ነጋዴዎቹ በመካከሉ ካለው መስቀለኛ አግዳሚ የተነሣ «ሃችሊ» ይሉታል፤ ይህም በአርመንኛ መስቀል ከሚለው ቃል የመጣ ነው። የሙስሊም ዘላን የቤት በር በአንድ ጊዜ መስቀልም መስገጃም ሆኖ ሲሸጥ የጠየቀ አልነበረም።

ነጋዴው ካቀላቀለው መካከል የነገዶቹን ሥራ አንድ በአንድ ለመለየት ቀድሞ የተነሣው ሰው የድል አድራጊው ወገን ጄኔራል መሆኑ የታሪክ ምፀት ነው። ከ1899 እስከ 1901 የትራንስካስፒያ ገዥ የነበረው አንድሬይ ቦጎልዩቦቭ ምንጣፎችን በየነገዱ እየለየ ሰበሰበ፤ ስብስቡን ለሩስያ ቤተ መዘክር አስረከበ፤ በ1908 እና በ1909 በሴንት ፒተርስበርግ ያማረ መጽሐፍ አሳተመ። በዚያው ሰሞን ሳሙኤል ዱዲን ለዚያው ቤተ መዘክር በመካከለኛው እስያ እየተዘዋወረ ሰብስቧል። ሰፈሩን ያፈረሰው ሥርዓት የሰፈሩን ዕቃ በጥንቃቄ መዝግቦ አስቀመጠ። ዛሬ የድሮውን ከአዲሱ ለመለየት የሚያገለግለው ዋነኛ መለኪያ ይኸው ስብስብ ነው።

በሐዲዱ ላይ የመጣው ገዢ ብቻ አልነበረም። በ1856 ወጣቱ እንግሊዛዊ ዊሊያም ፐርኪን የመጀመሪያውን ሰው ሠራሽ ቀለም ካገኘ በኋላ የአውሮፓ ፋብሪካዎች ርካሽ ቀለም በገፍ ማምረት ጀመሩ፤ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ላይ ይህ ቀለም በበረሃው ገበያ ደረሰ። የማደርን ሥር ቆፍሮ፣ አድርቆ፣ ፈጭቶ፣ ቀቅሎ ቀናት ከማጥፋት ከቆርቆሮ የሚወጣ ዱቄት ውሃ ውስጥ መበተን ይቀላል። ለሴቲቱ ፍርድ የምንሰጥ እኛ አይደለንም፤ የሥራዋ ዋጋ በነጋዴው እጅ የወደቀባት ሠራተኛ ጊዜዋን ብትቆጥብ ያስመሰግናታል። የመጀመሪያዎቹ ቀለሞች ግን በፀሐይ ይገረጡ፣ በውሃም ወደ ነጩ ይፈሱ ነበር። የእጅ ጥበቧ ሞተ የሚለውን አባባል ግን አልቀበለውም። ከ1880ዎቹ በኋላ ከተሠሩት አንዳንዶቹ ቋጠሯቸው ከድሮው የበለጠ የደቀቀ ነው። የተለወጠው ሌላ ነው፤ ጉሉ እየጠፈጠፈና እየተጨናነቀ ሄደ፤ የዳር ጥለቱ እየበዛ መደቡን ዋጠው። ገዢው በቋጠሮ ብዛት ይከፍላል፤ ባዶ ቦታ አይከፈልበትምና ባዶ ቦታ ጠፋ።

በሶቪየት ዘመን ሸማኔዎቹ በኅብረት ሥራ ማኅበራትና በመንግሥት ፋብሪካዎች ተደራጁ። ደመወዝ፣ ጡረታና የሠራተኛ ማዕርግ አገኙ። በዚያ ቋጠሮ የሌኒን ምስል ያለባቸው ምንጣፎች ተሠሩ፤ ዓይንን እስኪያታልሉ ድረስ የረቀቁ ናቸው። በሌላ በኩል በ1930ዎቹ የግዳጅ ሰፈራና የመሬት ማኅበር ምሥረታ ብዙ ቤተሰብ ወደ ኢራንና ወደ አፍጋኒስታን ተሰደደ። ከ1979 በኋላ በአፍጋኒስታን በተነሣው ጦርነት የእነዚሁ ወገኖች ልጆች እንደ ገና ወደ ፓኪስታን ተሻግረው በስደተኛ ሰፈር መወጠሪያቸውን ተከሉ። ቱርክመኒስታን በ1991 ነጻ ስትወጣ በ1992 በመረጠችው ሰንደቅ ዓላማ ላይ አምስት ጉሎችን ከላይ ወደ ታች ደረደረች፤ በ1994 በአሽጋባት የምንጣፍ ቤተ መዘክር ከፈተች፤ በ2019 ዩኔስኮ ጥበቡን በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አሰፈረው። ሞሽኮቫ ጉል ዓርማ ነው ስትል በጥንቱ ታሪክ ላይ ተሳስታም ይሁን አይሁን፣ መንግሥት በአዋጅ ዓርማ አድርጎታል።

በድሮዎቹ ሥራዎች ላይ የሠሪዋ ስም የለም። ጎበዝ ተመራማሪ የቋጠሮውን አከፋፈት፣ የማጉን ዓይነትና የቀለሙን መልክ አይቶ ይህ የሳሪክ ነው፣ ይህ የቴኬ ነው ሊል ይችላል፤ ከዚያ አልፎ ግን አይሄድም። ያም ሆኖ ምንጣፉን ከግርጌ ወደ ራስጌ የተመለከተ ሰው አንዳንድ ጊዜ ሴቲቱን ያገኛታል። አንድ ቦታ ላይ የነከረችው ሱፍ አልቆባት ቀዩ ድንገት ደመቅ ይላል። ወደ ራስጌው ሲቃረብ ደግሞ የቀረላትን ድር መትራ በቂ እንዳልሆነ አውቃለች፤ ስለዚህ የመጨረሻዎቹ ሁለት ረድፎች ጉሎች ከሌሎቹ አጠር ብለው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው፣ በቀረችው ቦታ ውስጥ ተቀምጠዋል።